አንድ ነጥብ ብቻ

የግቢያችን በር በሽቦ ታስሮ ከቆመ ሁለተኛ ክረምቱን ይዟል። የታችኛው ማጠፊያ ተገንጥሏል። ሲከፈት እንደ ሰከረ ሰው ወደ አንድ ጎን ይጋደምና መሬቱን እየፋቀ፣ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ እያስጮኸ ይገባል። የሌላ ሰው ቤት ቢሆን ይኼ አይገርምም ነበር። ችግሩ አባወራው በያጅ መሆኑ ነው። ያውም ተፈትኖ ያለፈ፣ ወረቀት የያዘ፣ ከባድ ብረት ላይ የሚውል በያጅ። "ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች" ያሉት አባቶች በሬን አይተው ሳይሆን አይቀርም።

ባለቤቴ መነዝነዙን ትታዋለች። አሁን ጠዋት ጠዋት ሽቦውን ስትፈታ፣ ለእኔም ለበሩም ሳይሆን ለአየሩ የምትናገራት አንዲት ነገር ብቻ ቀርታለች።

"አንድ ነጥብ ብቻ እኮ ነው።"

በዚህ ሙያ ጭሱን ችያለሁ። ሙቀቱን ችያለሁ። በጫማዬ አንገት ሾልኮ ገብቶ፣ ክሬን ሥር ብቻዬን እስክስታ የሚያስመታኝን ፍንጣሪም ችያለሁ። ያልቻልኩት "አንድ ነጥብ ብቻ" የምትባለውን ነው።

ለቅሶ ቤት፣ ድንኳን ሥር፣ ንፍሮ በእጄ ይዤ ተቀምጫለሁ። አጠገቤ ያለው ሰው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ይላል። ስለ ሟች ደግነት ሊነግረኝ ይመስለኛል። "በያጅ ነህ አሉ? የልጄ አልጋ እግሩ ላልቶ ነበር። አንድ ነጥብ ብቻ ነው የሚፈልገው።" ሠርግ ቤትም ያው ነው። ዕድር ስብሰባ ላይማ ከአጀንዳው ይቀድማል። የከሰል ምድጃ መጥቶልኛል፣ የሕፃን ብስክሌት መጥቶልኛል፣ የዣንጥላ ዘንግ መጥቶልኛል። አንድ ጊዜ የሰታቴ ጆሮ መጣልኝ። አሉሚኒየም መሆኑን፣ በብረት ኤሌክትሮድ እንደማይበየድ፣ የሙያው ዓይነት ሌላ እንደሆነ በትዕግሥት አስረዳሁ። የሰታቴው ባለቤት ሰምታኝ ስትጨርስ፣ "ብረት ብረት ነው፤ አልሠራም በለኝ" ብላ ሰታቴዋን ይዛ ሄደች። እስከ ዛሬ ሰላምታዋ ቀዝቃዛ ነው።

ሐኪምም ድንኳን ሥር ምላስ እየተዘረጋለት እንደሚቸገር አውቃለሁ። እሱ ግን "ነገ ክሊኒክ ብቅ በል" ማለት ይችላል። እኔ "ነገ ወርክሾፕ ብቅ በል" ብል፣ የሕፃን ብስክሌት የተሸከመ ሰልፈኛ በሩ ላይ ሲያይ ጥበቃው መጀመሪያ የሚያባርረው እኔን ነው።

የምውልበት ወርክሾፕ ወደ ቃሊቲ መስመር ነው። የነዳጅ ታንከር፣ የክሬን ምሰሶ፣ የድልድይ ተሸካሚ ይሠራል። እዚያ ብረት በእጅ አይነሳም። 25 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ብረት አንድ ካሬ ሜትሩ 196 ኪሎ ይመዝናል፤ ሁለት ኩንታል ጤፍ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው። ልዩነቱ፣ ጤፍ ቢወድቅብህ ቢያንስ ጆንያው ለስላሳ ነው።

ሁለት እንዲህ ያሉ ብረቶች ሲጋጠሙ ዝም ብለው አይጣበቁም። ጠርዛቸው ይሾላል፤ በመሃላቸውም 3 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ይተዋል። ጥብቅ አድርገህ ካስጠጋሃቸው እሳቱ ሥር አይደርስም። ላይ ላዩን አንድ መስለው፣ ውስጥ ለውስጥ ተለያይተው ይኖራሉ። (እንዲህ ያለ ትዳር በቅርብ የሚያውቅ አንባቢ ተጨማሪ ማብራሪያ አያስፈልገውም።)

ከዚያ ድርብርቡ ይጀመራል። መጀመሪያ ሥሩ፣ በሥሩ ላይ ሌላ፣ በዚያ ላይ ሌላ። ነገሩ ከእናቴ አነባበሮ ብዙም አይርቅም። በየድርቡ መሃል ስላግ የምንለውን ቅርፊት በመዶሻ አራግፈህ፣ በሽቦ ብሩሽ ፈትገህ ካላለፍክ፣ ጠጠር ያለበት አነባበሮ ሠራህ ማለት ነው። በእናቴ አነባበሮ ጥርስ ነው የሚሰበረው፤ በእኛ ድልድዩ።

ኤሌክትሮዳችን 7018 ትባላለች። ስሟ የባንክ ሚስጥር ቁጥር ቢመስልም ትርጉም አለው፤ 70ው ጥንካሬዋ ነው። በካሬ ኢንች 70,000 ፓውንድ ስትጎተት ችላ ትቆማለች። ጠባይዋ ግን የአራስ ነው። ካርቶኗ አንዴ ከተከፈተ ከ120 ዲግሪ ባላነሰ ምድጃ ውስጥ ተሸፋፍና መቀመጥ አለባት። ብርድ ከመታት፣ እርጥበት ከነካት፣ እርጥበቱ ሃይድሮጅን ሆኖ ወደ ብየዳው ይገባል። ሃይድሮጅን ደግሞ ቂመኛ ነው። የዚያኑ ቀን ምንም አይልም። ብየዳው ያምራል፤ አለቃው ትከሻህን መታ መታ ያደርግሃል። ብረቱ በርዶ፣ ሁሉም ቤቱ ገብቶ ሲተኛ ነው ቂሙን የሚወጣው፤ ውስጥ ለውስጥ ይሰነጥቀዋል። ለዚህ ነው ጠንካራ ብረት ላይ መርማሪዎች 48 ሰዓት ጠብቀው የሚመጡት። ሽማግሌም ከጠብ በኋላ እንዲህ ቢቆይ ጥሩ ነበር።

ስለ ምድጃው ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ የሥራ ባልደረባችን የኤሌክትሮዷን ምድጃ የምሳ ማሞቂያ አድርጎት ነበር። አንድ ቀን የውጭ ተቆጣጣሪ የኤሌክትሮድ አያያዛችንን ሊያይ መጣ። ክዳኑን ሲከፍት የበርበሬ ሽታ ፊቱን መታው። 7018 ፈልጎ ፍርፍር አገኘ። በሪፖርቱ ላይ "ያልታወቀ ቁስ" ብሎ መዝግቦታል ይባላል። እርጥበት ግን አልነበረውም፤ ከጠዋት እስከ ምሳ በዚያ ሙቀት የቆየ ፍርፍር ድርቆሽ ሆኖ ነው የሚወጣው።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ፤ ይኼ ወረቀት ብዙ አስከፍሎኛል።

ፈተናችን በቁጥርና በፊደል ይጠራል። ብረቱ ተጋድሞ ከላይ ከበየድከው ዋን ጂ ነው። ብረቱ ቆሞ አግድም ከሄድክ ቱ ጂ፣ ከታች ወደ ላይ ከወጣህ ትሪ ጂ። ብረቱ ከአናትህ በላይ ሆኖ፣ እሳት እየዘነበብህ፣ ስዕለት እንዳለበት ሰው አንጋጠህ የምትበይደው ፎር ጂ ይባላል። ቧንቧ በ45 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ተተክሎ፣ እሱ ንቅንቅ ሳይል አንተ እየተጣመምክ የምትዞረው ደግሞ ሲክስ ጂ ነው። ከበየድከው ላይ ቁራጭ ተቆርጦ በፕሬስ እየተገፋ የፈረስ ኮቴ እስኪመስል ይታጠፋል። በታጠፈው ጀርባ ላይ ከ3 ሚሊሜትር የበለጠ ስንጥቅ ከታየ ወደ ቤትህ። ያ ፕሬስ ቀስ እያለ ሲገፋ የሚሰማኝን ስሜት ባለቤቴ ስታምጥ ኮሪደር ላይ ሆኜ ነው እንደገና ያገኘሁት።

አልፌ ወረቀቱን ስይዝ የደስታዬ መጠን አልነበረውም። ሽማግሌ ላክሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የአባቴ ጓደኛ ናቸው፤ እኔን ከፍ ሊያደርጉ አስበው፣ "ልጃችን ሥራው አስተማማኝ ነው። የፎር ጂ ወረቀት አለው" አሉ።

ቤቱ ጸጥ አለ። የልጅቷ አጎት ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ "ፎርጅድ መሆኑን እያወቃችሁ ነው የመጣችሁ?" ብለው ጠየቁ።

ሽማግሌው ነገሩን ሊያቃኑ፣ "ኧረ ጌታዬ፣ በቅርቡ ሲክስ ጂም ያወጣል!" አሉ። አንድ ወጣት ከጓዳ፣ "እኛ ሰፈር ፎር ጂውም በስንት ልመና ነው" ሲል ተሰማ። ቀጠሮው ለሁለት ሳምንት ተላለፈ። አማቴ ከዚያ ወዲህ ያቺን "ፎርጅድ" የምትል ቃል ከሆዳቸው አላወጧትም። እንዳላወጧት ያወቅሁት በኋላ ነው፤ እመጣበታለሁ።

በእኔም ወገን ነገሩ ቀላል አልነበረም። የብረት ሥራ ልማር ነው ስላት አያቴ ደረቷን ያዘች። "ጠይብ ልትሆን? ሌላ ሥራ ጠፍቶ?" ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን በሙያው የሚሰድብ ሰው እኔን እንደሰደበ ይቆጠራል ብለው አዋጅ ማስነገራቸውን ነገርኳት። ጋቢዋን አጣፍታ፣ "አዋጁ እኛ ሰፈር አልደረሰም" አለች። ድሮ ቀጥቃጩ በዓይኑ ሰው ይበላል እየተባለ ይፈራ ነበር። ዛሬ ነገሩ ተገልብጦ ሥራው የቀጥቃጩን ዓይን ይበላል፤ ይህን ግን ለአያቴ አልነገርኳትም።

ደግሞ ወረቀቱ እንደ ዲፕሎማ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚረሳ አይደለም። በዚያ የብየዳ ዓይነት ስድስት ወር ሙሉ ካልበየድክ ብቃትህ ይወድቃል፤ እንደገና ትፈተናለህ። ጎረቤቴ በታሪክ ተመርቆ 20 ዓመት ሙሉ ጫማ ሲሸጥ ዲፕሎማው አንድም ቀን አልወደቀም። የእኔ ወረቀት ግን እንደ ወተት ጊዜ ያልፍበታል።

ሥራችን በራጅ ይታያል። እውነተኛ ራጅ ነው የምለው፤ ሠራተኛው ወጥቶ፣ ዙሪያው በገመድ ታጥሮ፣ ብየዳው ፎቶ ይነሳል። በማግሥቱ ፊልሙ መብራት ላይ ሲዘረጋ የአንተ ኃጢአት በሙሉ እዚያ ላይ ነው። እዚህች ጋ አረፋ ቀርቷል፣ እዚህች ጋ ስላግ ተረስቷል፣ እዚህች ጋ ምናልባት ስለ ቤት ኪራይ እያሰብክ ነበር። ከአጠገቡ የእኔ መለያ ቁጥር ተመትቶበታል። ደራሲ ስሙን ሽፋን ላይ ያወጣል። የእኔ ስም ቁጥር ነው፣ ቁጥሩም ከቀለም በታች ነው። ሰው አይቶት የሚያውቀው የሆነ ነገር የተሰነጠቀ ቀን ብቻ ነው።

ስንጥቅ ሲነሳ ሁልጊዜ ትዝ የምትለኝ አንዲት መርከብ አለች። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 16 ቀን 1943፣ በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ፖርትላንድ ከተማ፣ ስኬኔክታዲ የምትባል አዲስ የነዳጅ መርከብ ወደቧ ላይ ቆማ ነበር። ጦርነቱ ሌላ ቦታ ነው። ማዕበል የለም፤ ቶርፔዶ የለም። እንዲሁ እንደቆመች መሃሏ ጓ ብሎ ተሰነጠቀና ወገቧ ተቆረጠ። ድምፁ አንድ ማይል ርቆ ተሰማ ይባላል። እስከዚያ ድረስ መርከብ በአብዛኛው በሪቬት ነበር የሚያያዘው፤ የጦርነቱ ጊዜ መርከቦች ግን በችኮላ የተበየዱ ናቸው። ጣት ሁሉ ወደ በያጁ ተቀሰረ።

የበያጆቹ እጅ ፍጹም ንጹሕ ነበር አልልም። የአገር ልጅ ባይሆኑም የሙያ ልጆች ናቸውና አላጋልጣቸውም። ግን ኮንስታንስ ቲፐር የሚባሉ የካምብሪጅ ሴት ሊቅ ነገሩን ሲመረምሩ፣ ብረቱ ራሱ በብርድ ጊዜ እንደ ብርጭቆ የሚሰበር ዓይነት ሆኖ አገኙት። በሪቬት የተያያዘ መርከብ ላይ ስንጥቅ አንዱን ብረት ጨርሶ ጠርዙ ላይ ይቆማል። ተበይዶ አንድ ወጥ የሆነ መርከብ ላይ ግን የሚያቆመው የለም፤ እንደ ሐሜት ከቤት ወደ ቤት ይሄዳል። እኔ ይህን ታሪክ ለአለቆቼ በየአጋጣሚው እነግራለሁ። ሰምተው ሲያበቁ፣ "አንተ ግን የትናንቱን ድገመው" ይሉኛል።

እንዲህ ያለ ታሪክ የሚያውቅ፣ 25 ሚሊሜትር ብረት የሚበይድ፣ በራጅ የሚመሰከርለት ሰው ነው እንግዲህ አማቴ ደጅ የተዋረደው።

ባለፈው ዓመት የፋሲካ ሰሞን ነው። ሥራ ላይ ሆኜ ከአማቴ ስልክ መልእክት ገባ። የሚጽፉላቸው የልጅ ልጃቸው ነው። "በሬ ተሰብሯል፤ ቶሎ ድረስልኝ" ይላል። ደነገጥኩ። የቅርጫውን በሬ እሳቸው ግቢ እንደምናሳድር ተነጋግረን ነበርና፣ እግሩ ተሰብሮ ሳይሞት ልንደርስበት ነው ብዬ ሁለት ጓደኛና ሦስት ቢላዋ ይዤ በረርኩ። ስደርስ በሬው የለም፤ ገና አልተገዛም። የተሰበረው የግቢያቸው በር ነው። ቢላዋ የያዝነውን ሦስት ሰዎች ሲያዩ አማቴ አማተቡ።

"ልጄ፣ ማጠፊያዋ ብቻ ናት የተላቀቀችው። አንድ ነጥብ ብቻ ናት" አሉ።

ከአማት ሲመጣ "አንድ ነጥብ" ትእዛዝ ነው። በዚያ ላይ ጎረቤት ተሰብስቧል፤ ጓደኞቼ ቆመዋል። ከመንገዱ ማዶ አንድ ልጅ የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ይበይዳል፤ የቤት በር፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ የጋሪ ጎን። ማሽኑ አገር ውስጥ የተጠቀለለ ነው፤ ሲነሳ የሰፈሩ አምፖል ሁሉ ጥቅሻ ያደርጋል፣ ቴሌቪዥን የሚያዩት እናቶች ይራገማሉ። ከልጁ ማሽኑን ተዋስኩ። ከመኪናው የቆዳ ሽርጤን፣ ጓንቴን፣ ማስኬን አወጣሁ። ስለብስ ጊዜ ወሰድኩ፤ አይዋሽም፣ እየታየሁ መሆኑን አውቄዋለሁ። ልጁ ግንድ ላይ ተቀምጦ ሸንኮራ እየመጠጠ ያየኛል።

ኤሌክትሮዱን ነካ አደረግሁ። ጭስ፤ ብልጭታ። ማስኬን ሳነሳ ማጠፊያው አጠገብ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ተከፍታለች።

"ምንም አይደለም" አልኩ። ልደፍናት ስል እንቁላል የምታስገባ ሆነች። እንቁላሏን ልደፍን ስል ብርቱካን አከለች። ብርቱካኑን ስጀምር በመንገድ የሚያልፍ አንድ ሰው በቀዳዳው አጎንብሶ አይቶ፣ "እንደምን ዋላችሁ" አለን።

ነገሩ ይኼ ነው። ከባድ ብረት እሳት ይጠጣል። ባለ 25 ሚሊሜትሩን አፍስስበት፣ ጨምርበት፤ ዝም ብሎ ይጠጣል፤ እንዲያውም ከመጀመርህ በፊት አሙቀኝ ይልሃል። የበር ላሜራ ግን ጠጪ አይደለም። አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ በመጀመሪያው መለኪያ ይወድቃል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከጠጪ ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከማይጠጣ ሰው ጋር እንዴት እንደሚጫወቱ አላውቅበትም። ወረቀቴ ላይም በግልጽ ተጽፏል፤ ከዚህ ውፍረት እስከዚህ ውፍረት ይላል። የአማቴን በር አይጨምርም። ይህን ግን ቢላዋ ይዞ ለመጣ አማች ማን ያምነዋል?

አማቴ ብርቱካን የሚያህለውን ቀዳዳ አዩ፤ እኔን አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጄ፣ ያ ወረቀት ግን . . . ያኔ ወንድሜ ያለው እውነት ነበር እንዴ?" አሉኝ።

ልጁ ሸንኮራውን ጥሎ ተነሳ። "ጋሼ፣ ይፍቀዱልኝ" አለ። ማሽኑን ዝቅ አደረገ፤ ቀጭን ኤሌክትሮድ አወጣ። ቁራጭ ላሜራ ቆርጦ ቀዳዳው ላይ ለጠፈና ፊቱን ወደ ትከሻው አዙሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጠቅ። ትንሽ ጠበቀ። ጠቅ። ቅላቱ እስኪጠፋ ጠበቀ። ጠቅ። ማስክ የለም፣ መነጽር የለም። እኔ ዓይኔን ገልጬ የበሳሁትን እሱ ጨፍኖ ደፈነው። ከዚያ ማጠፊያዋን በአንድ ነጥብ ያዛት። በእውነትም አንድ ነጥብ ብቻ ነበር የምትፈልገው።

የተዋረደ ሰው ምክር ይወዳል። ልጁን ወደ ጎን ወስጄ ስለ ዓይን ለግማሽ ሰዓት አስተማርኩት። ትርፍ ማስኬንም ሰጠሁት። "ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን እሱን ካደረግሁ ምንም አይታየኝም፤ ጨለማ ነው" አለ። ልክ ነው፤ ብልጭታው እስኪነሳ ድረስ ጥቁሩ መስታወት ውስጥ ምንም አይታይም። ኤሌክትሮዱን የት እንደምታሳርፍ በልብህ ነው የምታውቀው፤ ያ ነው ዓመት የሚፈጀው። ከሳምንት በኋላ በዚያ ሳልፍ ማስኬ በጀርባው ተገልብጦ ጥግ ተቀምጧል። ውስጡ ገለባ አለ። ገለባው ላይ ዶሮ ተኝታለች።

ዶሮዋ ዘጠኝ እንቁላል ታቅፋ እያለ ነው የልጁ እናት አንድ ሌሊት ቤታችን የመጡት። እንግዲህ በሩን ሲከፍቱ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ መጮኹን አልደግምም። "ልጄ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ገባ እያለ ይጮኻል፤ ቀን ደህና ነበር" አሉ።

አሸዋው ምን እንደሆነ ገባኝ። የብየዳ ብርሃን ሲመታህ አይሰማህም። ቀኑን ሙሉ ስቀህ ተጫውተህ፣ እራትህን በልተህ ተኝተህ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ቃሊቲን የሚያህል የአሸዋ ክምር ዓይንህ ውስጥ ይራገፋል። እኔ በተለማማጅነቴ ሲመታኝ ግቢው በሙሉ ሐኪም ሆኖ ነበር። አንዷ ድንች ቆርጣ ለጠፈችብኝ። ሌላዋ የጡት ወተት ነው መድኃኒቱ ብላ የምታጠባ ሴት ፍለጋ ወጣች፤ ምስኪኗን አራስ ከእንቅልፏ ቀሰቀሷት። አጎቴ አረቄ አመጣ፤ ለዓይኔ መስሎኝ ስፈራ ለራሱ ነበር። በማግሥቱ ሐኪሙ አይቶኝ፣ "አትሸው፤ ጨለማ ክፍል ተቀመጥ፤ በአንድ ሁለት ቀን ይለቅሃል" አለኝ። ድንቹን በተመለከተ፣ "ወጥ ውስጥ ይሻላል" ብሏል።

ወተት ከተነሳ የእኛን ወተት ሳላነሳ ባልፍ ባልደረቦቼ አይምሩኝም። በያጅ ለጭሱ ማርከሻ ወተት ይሰጠዋል፤ ግማሽ ሊትር። ይኼ መብት ነው። ለወተቱ ተሰብስበን ጮኸናል፤ ለጭስ መምጠጫ ማሽን ግን እንደዚያ ስንጮኽ ራሴን አላስታውስም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 የብየዳ ጭስን ካንሰር አምጪ ናቸው ከተባሉት የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ጭሱ የሚሄደው ወደ ሳንባ፣ ወተቱ የሚሄደው ወደ ጨጓራ ነው፤ ጉሮሮ ላይ ይለያያሉ፤ ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ አይገናኙም። በዚያ ላይ ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በጾም ወተቱ ቤት ይሄዳል። ጭሱን እኔ እጠጣለሁ፤ ወተቱን ልጄ ይጠጣልኛል። ልጄ እስካሁን ምንም ዓይነት የብየዳ ጭስ ሕመም አልታየበትም።

ወርክሾፑ ውስጥ የበየድኩት ብረት ስንት መቶ ጊዜ ራጅ እንደተነሳ ቁጥሩን አላውቀውም። የእኔ ሳንባ አንድም ጊዜ ተነስቶ አያውቅም። አንድ ቀን ይህን ለራጅ ባለሙያው ስነግረው፣ "ብረቱ ቢሰነጠቅ ደንበኛው ይከሳል" አለኝ። የቀረውን አልተናገረም፤ ፊልሙን ጠቅልሎ ወጣ።

ያ በያጅ ልጅ በሁለት ቀኑ ዳነ። ጫጩቶቹም በጊዜያቸው ወጡ።

ያለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስመለስ ሰፈሩ ሁሉ አምፖሉ ጥቅሻ ያደርጋል። ጠረጠርኩ። ኩርባውን ስዞር ደጃችን ላይ ያ ማሽን ተቀምጧል። ባለቤቴ በረንዳ ላይ ቡና ታፈላለች፤ ዓይኔን አላየችኝም። ሽቦው ተፈትቶ መሬት ላይ ተጥሏል። ከበሩ ሥር አንድ ሰው ተንበርክኳል፤ ፊቱ ላይ የእኔ ማስክ፣ ማስኩ ላይ አሁንም አንድ ሁለት ላባ።

"ጋሼ፣ እንኳን መጡ!" አለ ማስኩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ። "እትዬ ብቻቸውን አልቻሉትም። በሩን ከዚህ ከፍ አድርገው ይያዙልኝ።"

ቦርሳዬን አስቀመጥኩና ያዝኩለት። ከበደኝ። 25 ሚሊሜትር በክሬን ነው የማነሳው፤ ይኼ በእጅ ነው።

"ማስኬን እኮ ወርክሾፕ ትቼው መጣሁ" አልኩት።

"አንድ ነጥብ ብቻ ናት፣ ጋሼ" አለና ማስኩን ጣል አደረገው። ከውስጥ ድምፁ ታፍኖ ተሰማኝ። "ዓይንዎን ይጨፍኑ።"

ፊቴን ወደ ጎረቤት አጥር አዙሬ ጨፈንኩ።